ስለ ታዋቂ ሰዎች የተጻፈን የታብሎይድ ዘገባ እንዴት መተንተን ይቻላል? የማሳመኛ ስልቶችን ደረጃ በደረጃ ማውጣት

ጋዜጠኝነትና ተግባቦት የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በውጭ አገር የልጆቻቸውን የቤት ሥራ የሚያግዙ ወላጆች አንድ ጥያቄ በየጊዜው ያቀርቡልኛል፦ «መምህሩ ስለ አንድ ዝነኛ ሰው የተጻፈ የታብሎይድ ዘገባ ተንትኑ ብሏል፤ ‹ሐሜት ነው፣ ያጋንናል› ብለን ከጻፍን በኋላ የምንለው አለቀብን። ሌላ ምን ይጻፋል?» ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። ታብሎይድ የምንለው በዝነኞች ወሬና በደማቅ ርዕሶች ላይ የሚያተኩር ጋዜጣ ወይም መጽሔት ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ይህ ዓይነቱ ጋዜጠኝነት ከሥር ከመሠረቱ ከተደራጀባቸው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋዜጦችና መጽሔቶች ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ የሚቀርቡ የዩቲዩብ የመዝናኛ ወሬዎችን ለመተንተንም ደረጃዎቹ ያገለግላሉ፤ በዚያ የቪዲዮው ሽፋን ምስል የፊት ገጹን ቦታ ይይዛል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚፈልጉትን ለይተው ይወቁ። ዘገባው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ መፍረድ የትንተናው ሥራ አይደለም። የእርስዎ ድርሻ ጋዜጣው በግልጽ ያላለውን ነገር አንባቢው እንዴት አድርጎ እንዳመነው በማስረጃ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ከ400 እስከ 800 ቃላት የሚደርስ፣ ፎቶ ያለበትና ቢያንስ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ምንጭ የሚጠቅስ ሙሉ ዘገባ፤ በሁለት ቅጂ የታተመ።
• ሦስት የተለያየ ቀለም ያላቸው ማድመቂያ እስክሪብቶዎች።
• አራት ዓምድ ያለው ባዶ ሠንጠረዥ።
• ስለዚያው ጉዳይ እንደ ሮይተርስ ወይም አሶሺዬትድ ፕሬስ ያለ የዜና ወኪል የጻፈው ዘገባ ከተገኘ።
• ዘገባው የተነሣበት ዋናው ቃለ ምልልስ፣ ቪዲዮ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ካለ።
• ዘገባው የእንግሊዝ ጋዜጣ ከሆነ የእንግሊዝ አዘጋጆች የሥነ ምግባር ደንብ፤ የመጀመሪያው አንቀጹ ጋዜጦች አስተያየትን፣ ግምትንና እውነታን በግልጽ እንዲለዩ ስለሚጠይቅ በደረጃ 4 እንደ መለኪያ ይጠቅማል።

ጥንቃቄ

በጽሑፍዎ ውስጥ የዘገባውን ውንጀላ እንደ እውነታ አድርገው አይድገሙት። «እገሊት ሱሰኛ ናት» ከማለት ይልቅ «ዘገባው እገሊት ሱሰኛ ናት የሚል ድምዳሜ ላይ ያደርሳል» ይበሉ። በእንግሊዝ ሕግ ሌላ ሰው ያወራውን ስም አጥፊ ወሬ መድገም ራስን ችሎ ያስጠይቃል፤ «እኔ ጠቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም» የሚለው መከላከያ አይሆንም። የሕፃናትን ፎቶ፣ የሰዎችን የሕክምና መረጃ ወይም ያለ ፈቃድ የወጣ የግል ምስልም ከሥራዎ ጋር አያያይዙ፤ ምስሉን በቃላት መግለጽ ለትንተናው ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ በፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ እንዲመርጡ እመክራለሁ። የሆነው ነገር በምስክርና በማስረጃ ተጣርቶ ስለተመዘገበ፣ የተጻፈውን ከሆነው ጋር ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ዘገባውን ይምረጡና እንዳለ ያስቀምጡ

ዘገባው ከድረ ገጽ ከሆነ ገጹን በሙሉ በስክሪንሾት ያንሱት፤ ያነሱበትን ቀንና ሰዓትም ይመዝግቡ። የድረ ገጽ ርዕሶች ከታተሙ በኋላም ይለወጣሉ፣ አንቀጾችም ያለ ማስታወቂያ ሊወጡ ይችላሉ። ነገ ገጹ ቢለወጥ ያስቀመጡት ቅጂ ብቻ ማስረጃዎ ይሆናል። አንድ ዘገባ ብዙ ጊዜ በመነሻ ገጹ፣ በራሱ ገጽና በማኅበራዊ ሚዲያ የተለያየ ርዕስ ስለሚይዝ ሦስቱንም ይቅዱ። የታተመ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ከሆነ ደግሞ ርዕሱ በየትኛው ገጽ፣ ዝርዝሩ በየትኛው ገጽ እንዳለ ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ያለ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ አንብበው ያመኑትን ይጻፉ

በተራ አንባቢ ፍጥነት አንድ ጊዜ ያንብቡና ስለ ሰውየው ወይም ስለ ሴትዮዋ የያዙትን ስሜት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። ይሁንና ጽሑፉን አንዴ በዝርዝር ከመረመሩት በኋላ የመጀመሪያው ስሜት ተመልሶ አይመጣም፣ የማሳመኛ ስልቱ መሥራቱን የሚያሳይ ቅርብ ማስረጃም ያ ስሜት ነው። ዓረፍተ ነገሩን አያሳምሩት፤ «የጠጣች ትመስለኛለች» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ዘገባውን ወደ ነጠላ አባባሎች ይበትኑ

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ምን ተባለ?» እያሉ ይከፋፍሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለትና ሦስት አባባል ሊይዝ ይችላል። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ የተባለውን፣ በሁለተኛው ዓምድ ደግሞ ያልተባለውን፣ አንባቢው ግን የሚደርስበትን ድምዳሜ ያስፍሩ። ጊዜዎን በብዛት የሚወስደው ይህ ሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ቢወስድም ይገባዋል።

ማርች 2 ቀን 1976 ናሽናል ኢንኳየረር የተባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ ስለ ኮሜዲያኗ ካሮል በርኔት ያወጣውን አጭር ወሬ እንውሰድ። ወሬው አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ በርኔት ዋሽንግተን በሚገኝ ምግብ ቤት ውስጥ እየጮኸች ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከሄንሪ ኪሲንጀር ጋር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጨቃጨቋን ይናገራል። ሁለተኛው፣ ጣፋጯን ለሁሉም ለማቅመስ ቤቱን እንደዞረች ይገልጻል። በሦስተኛው፣ ሳታስበው አንድ ተመጋቢ ላይ ወይን ደፍታ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ መንከትከት ትጀምራለች። በአራተኛው ደግሞ ሰውየው ቀሚሷ ላይ ውኃ «በስሕተት» ይደፋባታል።

«ሰክራ ነበር» የሚል ቃል በአራቱም ውስጥ የለም። ጩኸቱን፣ ጭቅጭቁን፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞሩን፣ የተደፋውን ወይንና ያለ ቦታው የመጣውን ሣቅ በተከታታይ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ድምዳሜ ሊያገኝ አይችልም። ድምዳሜውን ራሱ ስለደረሰበት ደግሞ ሌላ ሰው እንደነገረው አድርጎ አይጠረጥረውም። በሠንጠረዥዎ ሁለተኛ ዓምድ የሚገባው ይህ ነው። በአራተኛው ዓረፍተ ነገር «በስሕተት» የሚለው ቃል በትምህርተ ጥቅስ መከበቡንም ያስተውሉ፤ ሁለት ጭረቶች ብቻ ተጨምረው ቃሉ «ሆን ብሎ» የሚል ትርጉም ይዟል፣ ጋዜጣው ግን ሆን ብሎ ነው አላለም።

አሁን ፍርድ ቤቱ የመዘገበውን ከጎኑ ያስቀምጡ። በርኔት ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ወይን ጠጥታ ነበር፤ አልሰከረችም። በአጠገቧ የተቀመጡ ጥንዶች ስለ ጣፋጯ ለማወቅ ስለጓጉ ባቀበሏት ሳህን ላይ ትንሽ አድርጋ ሰጥታቸዋለች፤ ከኋላዋ የነበረ ቤተሰብም ከራሱ ጣፋጭ ጋር ሊለዋወጣት ጠይቆ ተለዋውጠዋል። ስትወጣ አንድ ወዳጇ ከኪሲንጀር ጋር አስተዋውቋት ጥቂት ተነጋግረዋል። ጭቅጭቅ አልነበረም፤ የተደፋ ወይንም ሆነ ውኃ አልነበረም። እንግዲህ ወሬው ከምንም የተነሣ አይደለም፦ ጣፋጩና ኪሲንጀር እውነተኛ ናቸው። በትንተናዎ እንዲህ ያሉትን እውነተኛ ፍሬዎች በአንድ ቀለም ያድምቁ፤ ለቀሪው ተዓማኒነትን የሚያበድሩት እነርሱ ናቸው። በ1981 ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፍርድ ሰጪ ቡድን፣ ለበርኔት 1.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት፤ ዳኛው ወደ 800,000፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1983 ወደ 200,000 ዶላር ዝቅ አደረጉት።

ስለ መረጡት ዘገባ ማስተባበያ ወጥቶ ከሆነ እርሱንም በዚሁ መንገድ ይበትኑ። የኢንኳየረር ማስተባበያ ከኪሲንጀር ጋር የተባለው ጭቅጭቅና ረብሻው እንዳልተፈጸሙ ሲገልጽ የተደፋውን ወይን በስም አላነሣም። የትኛው አባባል እንደተነሣ፣ የትኛው በዝምታ እንደታለፈ በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ የእያንዳንዱን አባባል ባለቤት ይፈልጉ

በሦስተኛው ዓምድ «ይህን ያለው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይጻፉ። መልሱ ከአምስት አንዱ ይሆናል፦ በስሙ የተናገረ ሰው፣ ሰነድ ወይም ቀረጻ፣ ስሙ ባይጠቀስም ሥራውና ቅርበቱ የተገለጸ ምንጭ፣ «ወዳጆች»ና «የውስጥ አዋቂዎች» የሚባሉ ያልተወሰኑ ሰዎች፣ ወይም ማንም። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት አሰላለፍ ቀለል ያለውና ማንንም የማይጎዳው አባባል በስም ለተጠቀሰ ሰው ሲሰጥ፣ ከባዱ ውንጀላ ወደ «ወዳጆች» ሲወርድ ነው። አንባቢው ስሙን ያየበትን እምነት ሳያስተውል ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ይዞት ይሻገራል።

ቀጥሎ ንግግሩን የሚያስተዋውቀውን ግስ ያክብቡ። «ተናገረች»፣ «አመነች»፣ «ምስጢሯን አወጣች» እና «ካደች» አንድ ዓይነት ንግግርን ሊያስተዋውቁ ይችላሉ፤ «አመነች» ግን አስቀድሞ የተደበቀ ጥፋት እንደነበረ፣ «ካደች» ደግሞ የሚካድ ነገር መኖሩን ያስጨብጣል።

ይህ አሰላለፍ ከአጻጻፍ ልማድ ያለፈ ምክንያት አለው። በአሜሪካ አንድ ታዋቂ ሰው በስም ማጥፋት ክስ እንዲያሸንፍ አሳታሚው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም የእውነትነቱን ነገር ከቁብ ሳይቆጥር ማተሙን ማስረዳት አለበት። ይህም ከባዱን ነገር በስም የለሽ ምንጭ አፍ ማናገርን ለአሳታሚው ምቹ ያደርገዋል።

ስም የለሽ ምንጭ ሁሉ የተፈጠረ ነው ብለው ግን አይደምድሙ። «ወዳጅ» የተባለው ሰው የዝነኛው የራሱ የሕዝብ ግንኙነት ወኪል ሊሆን ይችላል። ማርች 13 ቀን 1986 ዘ ሰን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ኮሜዲያኑ ፍሬዲ ስታር የአንዲትን ሴት ሃምስተር፣ ማለትም አይጥ የምትመስል የቤት እንስሳ፣ በዳቦ አድርጎ በልቷል ብሎ በፊት ገጹ አወጣ። ስታር አስተባብሏል፤ ወሬው እንዲታተም የወደደው ግን ወኪሉ ማክስ ክሊፎርድ ነበር፣ ለኮሜዲያኑ ትርኢቶች ጥሩ ማስታወቂያ ይሆናልና። ስለዚህ ከባለቤትነቱ ጥያቄ አጠገብ «ይህ ቢታተም የሚጠቀመው ማን ነው?» የሚለውንም ይመልሱ።

ደረጃ 5፦ በርዕሱና በዝርዝሩ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ

ርዕሱን የሚያለዝበውን ወይም የሚያፈርሰውን ዓረፍተ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉ፤ በስንተኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ገጽ እንደተቀመጠ ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር በትንተናዎ ውስጥ ከቅጽሎች ዝርዝር የበለጠ ይመሰክርልዎታል፤ ምክንያቱም ርዕሱን በገበያ አዳራሽ መክፈያ ቦታ ወይም በስልክ ላይ አይቶ የሚያልፈው ሰው ዝርዝሩን ከሚያነበው ይበዛል።

በኦክቶበር 1995 ዝነኛው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረው ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ከግድያ ክስ ነጻ በተባለ በሳምንቱ፣ ናሽናል ኤግዛሚነር የተባለው የአሜሪካ ታብሎይድ በሽፋኑ ላይ ፖሊሶች «ያደረገው ካቶ ነው» ብለው እንደሚያስቡ የሚገልጽ ርዕስ አወጣ። ካቶ ኬሊን በሲምፕሰን ግቢ ይኖር የነበረ ምስክር ነው። ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል የተጻፈው መስመር፣ ካቶ በሐሰት ምስክርነት እንዳይፈለግ እንደሚሰጋ «ወዳጆቹ» እንደተናገሩ ይገልጻል። ዝርዝሩ ያለው በገጽ 17 ነው። «ያደረገው» ምኑን ነው? ርዕሱ አልተናገረም፤ በዚያ ሳምንት ግን አገሩ ሁሉ የሚያወራው አንድ ጉዳይ ብቻ ስለነበር አንባቢው ግድያውን ከራሱ ጨመረበት። የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1998 ርዕሱ ብቻውን ስም አጥፊ ሊሆን እንደሚችል ወስኖ ክሱ እንዲቀጥል አደረገ።

በእንግሊዝ ግን በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1995፣ ሁለት ተዋንያን ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ በተባለው ጋዜጣ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ርዕሱና ፎቶው ከዝርዝሩ ጋር አንድ ላይ መነበብ አለባቸው ብሎ ፈርዷል። የሚተነትኑት ዘገባ ከየትኛው አገር እንደሆነ መጻፍ ያለብዎት ለዚህ ነው፤ ማለዘቢያው ዓረፍተ ነገር የተቀመጠበት ቦታ ከአገሩ ሕግ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሌላ መለማመጃ ከፈለጉ ስታር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጃንዋሪ 2011 ስለ ተዋናይቷ ኬቲ ሆምስ ያወጣውን ሽፋን ይመልከቱ። ሽፋኑ ስለ ሱስና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጮኻል፤ የውስጡ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሳይንቶሎጂ የእምነት ሥርዓትና በዚያ ስለሚሠራበት መሣሪያ ነው። ሆምስ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩ በስምምነት አልቆ መጽሔቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ደረጃ 6፦ ቃላቱን እየቀየሩ ይፈትኑ

ስሜት ያዘለ የመሰለዎትን ቃል በሁለተኛው ቀለም ያድምቁና በገለልተኛ ቃል ይተኩት፤ ከዚያ በሁለተኛው ዓምድ የጻፉት ድምዳሜ ቆሞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ውጤቱንም በአራተኛው ዓምድ ያስፍሩ። በበርኔት ወሬ ውስጥ «ተጨቃጨቀች» የሚለውን «ተነጋገረች»፣ «ተንከተከተች» የሚለውን «ፈገግ አለች» ብለው ቢተኩ ስካሩ ይጠፋል። ቃሉ ሲቀየር ድምዳሜው ከወደቀ ቃሉን ይተንትኑት፤ ካልወደቀ ይለፉት። ይህ ፈተና ያስፈለገው ደማቅ ቃል ሁሉ ሥራ ይሠራል ብሎ መዘርዘር የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ነው። ዘገባው እንግሊዝኛ ሆኖ ትንተናውን በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ፈተናውን በእንግሊዝኛው ላይ ያድርጉት፣ ውጤቱን ብቻ በአማርኛ ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ፎቶውን ከመግለጫው ነጥለው ያንብቡ

የፎቶውን መግለጫ በወረቀት ሸፍነው «ምስሉ ብቻውን ምን ያረጋግጣል?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አንዲት ሴት ከመኪና ወረደች» ከሚል አይበልጥም፤ ሐዘኑን፣ ጠቡን ወይም እርግዝናውን የሚጨምረው መግለጫው ነው። ተዋናይቷ ጄኒፈር አኒስተን ለዓመታት በእንዲህ ዓይነት ፎቶዎች «ነፍሰ ጡር» ስትባል ኖራ በጁላይ 2016 ነፍሰ ጡር አለመሆኗንና መሰላቸቷን ራሷ ጽፋ አሳትማለች። ፎቶው መቼ እንደተነሣ፣ ከየት እንደተቆረጠና ከማን ፎቶ ጎን እንደተቀመጠም ይመዝግቡ። ለየብቻ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልተደረገ ግንኙነት ወይም ጠብ ይፈጥራሉ።

ደረጃ 8፦ አንባቢው የት እንደተቀመጠ ይለዩ

በሦስተኛው ቀለም አንባቢውን ወደ ጉዳዩ የሚያስገቡትን ያድምቁ፦ ዝነኛውን እንደ ጎረቤት በቁልምጫ ስም መጥራት፣ «ሁላችንም» የሚል አነጋገር፣ በጥያቄ የተሠራ ርዕስ። የጥያቄ ርዕስ ምንም አያረጋግጥምና ጋዜጣው ሊጠየቅበት ይከብዳል፤ መልሱን የሚሰጠው አንባቢው ነው።

ደረጃ 9፦ ከተመሳሳይ ዘገባ ጋር ያነጻጽሩ

አንድ ዓይነት ድርጊት፣ ሁለት ሰዎች፣ አንድ አሳታሚ ይፈልጉ። ድርጊቱ ካልተለየ፣ የአቀራረቡ ልዩነት የመጣው ከጽሑፉ መሆኑን ማሳየት ይቻላል። የዴይሊ ሜይል ድረ ገጽ በማርች 2018 የእንግሊዙ ልዑል የዊሊያም ባለቤት ኬት በእርግዝናዋ ጊዜ እጇን ሆዷ ላይ ማድረጓን በፍቅር እንደታቀፈች አድርጎ አቀረበ። በጃንዋሪ 2019 የወንድሙ የልዑል ሃሪ ባለቤት ሜጋን ያንኑ ስታደርግ እጇን ከሆዷ ላይ ማንሣት ያቃታት ለምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ኩራት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትወና ወይስ አዲስ ዘመን አመጣሽ፣ ከፅንሱ ጋር የመቀራረቢያ ዘዴ የሚሉ አማራጮችን ደርድሮ «ባለሙያዎች» እንዲመልሱ አደረገ። የመጀመሪያው ሐተታ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ በመጀመሪያው ባለሙያ አላስፈለገም፣ በሁለተኛው ድርጊቱ ማብራሪያ የሚሻ ችግር ሆኗል።

ከአንድ ጥንድ ዘገባ ተነሥተው ስለ ጋዜጣው አጠቃላይ አቋም አይናገሩ። ያንን ለማለት ከፈለጉ አስቀድመው ደንብ ያውጡ፤ ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ ስለ ሁለቱ ሴቶች የወጡትን ዘገባዎች በሙሉ ይሰብስቡ እንጂ የሚመቹዎትን ብቻ አይልቀሙ።

ደረጃ 10፦ አንቀጹን ይጻፉ

በእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ድምዳሜ ብቻ ይያዙ፤ ድምዳሜውን፣ ማስረጃውን፣ አሠራሩን፣ ከዚያም የፈተናውን ውጤት በተከታታይ ያስቀምጡ። ለናሙና ያህል፦

«ወሬው በርኔት ሰክራ ነበር ሳይል አንባቢውን እዚያ ያደርሰዋል። ጭቅጭቅ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር፣ የተደፋ ወይንና ቦታውን የሳተ ሣቅ በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው ሲቀርቡ፣ ሁሉንም የሚያብራራ ምክንያት የሚፈልገው አንባቢ ስካርን ራሱ ያመጣል። ከአራቱ አባባሎች አንዱም ተናጋሪ የለውም። ‹ተጨቃጨቀች› እና ‹ተንከተከተች› የሚሉት ግሶች በገለልተኛ ቃላት ሲተኩ ድምዳሜው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ወሬው የቆመው በእነርሱ ላይ ነው።»

የተለመዱ ስሕተቶች

የስልቶችን ስም መደርደር። «ማጋነን፣ ስሜት ቀስቃሽ ቃላት፣ ድግግሞሽ» ብሎ መዘርዘር ትንተና አይደለም፤ እያንዳንዱ አንባቢውን ከየት ወደ የት እንደወሰደው ካልተገለጸ ነጥብ አያስገኝም።

የጸሐፊውን ልብ ማንበብ። «ጋዜጠኛው ሊያዋርዳት ፈልጎ» የሚለውን ማረጋገጥ አይችሉም፤ «ዘገባው ዝቅ አድርጎ ያቀርባታል» የሚለውን ግን ከጽሑፉ ማሳየት ይችላሉ።

ዝነኛውን መከላከል። ተከሳሹን ነጻ ለማውጣት መድከም ቦታ ይፈጃል፣ ከርዕሰ ጉዳዩም ያወጣል።

አንባቢውን እንደ ሞኝ መቁጠር። ብዙ ሰው ታብሎይድን እየሣቀ፣ ግማሹን ሳያምን ያነበዋል፤ «ሁሉም አንባቢ ያምናል» ከማለት «ዘገባው ወደዚህ ንባብ ይገፋል» ማለት ይበልጥ ትክክል ነው።

ሠንጠረዡን መጣል። በደረጃ 2 የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ከላይ፣ ሠንጠረዡን ከሥሩ አድርገው ከጽሑፉ ጋር እንደ አባሪ ያስገቡ፤ መምህሩ የእያንዳንዱን ድምዳሜ መነሻ ለማየት ሌላ መንገድ የለውም።